የሩፋኤል ቀን በረዶ

ብስክሌት መንዳት የተማርሁት ወልጄ ካበቃሁ በኋላ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከሰፈራችን ይርቃል፤ የጧቱ ፈረቃ ገና ሳይነጋ ይገባል፤ በእግሬ እየሄድሁ ዘግይቼ ከበር የተመለስሁበት ቀን ብዙ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ በብስክሌት ይሄዳል፤ ሴት ስትነዳ ግን ያን ጊዜ ቆመው ነበር የሚያዩ። ያስተማረችኝ አበልጄ ናት። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጄን ክርስትና አንስቶልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ በስም ተጠራርተን አናውቅም፤ «አበልጄ» ነው፣ አለቀ። በሐይቁ ዳር መንገድ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች፣ «ወደ ፊት እይ እንጂ አንቺ! መሬት ላይ ምን ጥለሻል?» ትለኝ ነበር። ይዛኛለች ብዬ ስነዳ ለካ ለቅቃኛለች። ዞር ብል ከሩቅ ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም ሳቅሁ። ምን ያስቆጣኛል፣ እየነዳሁ አይደል!

ማንበብና መጻፍ የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ እንደምናገረው ነው የምጽፈው።

ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው አፈሳው በበረታበት ጊዜ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ይሉታል፤ እኛ ሰፈር ግን «አፈሳ» ነው ስሙ። አባቱ በወባ ከሞተ ቆይቷል፣ ከሱ ሌላ የለኝም። ገበያው አጠገብ ብስክሌት ጥገና ቤት ይሠራ ነበር። የቀበሌ ጥበቃ በደጃችን ባለፈ ቁጥር እጄ ላይ ያለው ዕቃ ይወድቃል። መኪና ሲቆም፣ ውሻ ሲጮኽ፣ ሰው ሲያስል፣ «መጡ» ነው የምለው። ልጄ ይስቅብኛል።

«እማ፣ እንዲህ ስትሆኚ እኮ ባያውቁኝም ካንቺ ፊት ያነቡኛል።»

የአበልጄም ልጅ እኩያው ነው። እሱን ዘጌ፣ ቡናው ውስጥ፣ አክስቷ ዘንድ ደብቃው ነበር። ይህን በከተማው የምናውቅ እሷና እኔ ብቻ ነን። አንድ ቀን የቀበሌ ጠባቂዎች መጥተው «ልጅሽ የት ገባ?» ሲሏት፣ «አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሄዷል» አለች። ወደ እኔ ዞሩ። «አዎ፣ መናኸሪያ ድረስ እኔ ነኝ የሸኘሁት» አልሁ። ሌላም ጊዜ መጥተው ጠየቁኝ፤ ያንኑ ደገምሁ። ዋሸሁላት። እንደሄዱ አንገቴን አቅፋ፣ «አበልጄ፣ ይህን ከረሳሁ ጣና ይብላኝ» አለችኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለአብዮት በዓል ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በብስክሌት የሚሄድ ቡድን ይዘጋጅ የሚል ትእዛዝ መጣ። ከየፋብሪካውና ከየቀበሌው ጎረምሶች ተመረጡ። ወዝአደር ሴቶችም መኖር አለባቸው ተባለ፤ ብስክሌት የምትነዳ ወዝአደር ሴት ሲፈለግ የተገኘነው እኔና አበልጄ ነን። ለጥገና ደግሞ ልጄን መረጡት።

ሌላው ሰው ለበዓሉ ይሄዳል፤ እኔ የምሄደው ልጄን ላሻግር ነው። ደልጊ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ወንድሜ ዓሣ እያሰገረ ይኖራል። በጀልባ እንዳልልከው ወደቡ ላይ ወረቀት ይጠይቃሉ። በመኪና እንዳልልከው የዓባይ ድልድይ ኬላ አለ። ከቡድኑ ጋር ግን ማንም አይጠይቀውም፤ የሁላችንም የይለፍ ወረቀት በአንድነት ከመሪያችን ኪስ ነው ያለው። ጎንደር ስንገባ ልጄ ሆዴን አመመኝ ብሎ ይቀራል፣ ከዚያ በጎርጎራ አድርጎ ደልጊ ይገባል። የመከርነው ይህ ነበር። ከእኔና ከልጄ ሌላ የሰማችው አበልጄ ብቻ ናት። «ግሩም ነው፣ እኔም አጠገብሽ አለሁ» አለችኝ።

በጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል፣ ማለዳ ተነሳን። ፋብሪካው ቱታ ሰጥቶናል፤ እኔ ከላዩ ቀሚሴን ደረብሁ፣ ሱሪ ብቻውን ራቁቴን የሄድሁ እየመሰለኝ አልሆነልኝም። ከፊት ያሉት ጎረምሶች ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር የተጻፈበትን በሁለት እንጨት ጠቅልለው ይዘዋል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጠባቂው እኔን አይቶ ሳቀ።

«እሜቴ፣ በቅሎ ጠፍቶ ነው?»

አበልጄ አፏ ስለት ነው። «በቅሎማ ገብስ ትፈልጋለች፤ ይህች የምትበላው ነፋስ ብቻ ነው» አለችው።

ሌሎቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጠባቂው ልጄን ነበር የሚያየው። ከላይ እስከ ታች አየው። ልጄ መፍቻውን ከፍ አድርጎ አሳየውና፣ «የነሱ ሐኪም እኔ ነኝ» አለ፣ ብስክሌቶቹን እያመለከተ። ጠባቂው በእጁ እለፉ አለን። ዓባይን ስንሻገር ወደ ኋላ አላየሁም።

መንገዱ ያኔ ፒስታ ነው፣ ጠጠርና ጭቃ። እስከ ሐሙሲት ድረስ የለቀቀን ነገር ቢኖር ፀሐይ ብቻ ነው፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጎን ጎናችንን እየመታ ከመንገድ ያስወጣናል። ጭቃው ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው ሥር ይገባና ጎማውን አንቆ ይይዘዋል። ወርደን በእንጨት እንጭራለን፣ ጥቂት እንሄዳለን፣ ደግሞ እንጭራለን። የክር ከረጢት የነበረ ላስቲክ ከፋብሪካው ይዤ ስለነበር ለአንገት የሚሆን ቀዳዳ አውጥቼ እኔም ለበስሁ፣ እሷንም አለበስኋት። ልጄ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያስተምረናል፦ «ዝቅ በሉ፣ ነፋሱን በደረታችሁ አትቀበሉት። አንዳችሁ ከአንዳችሁ ኋላ ተጠለሉ።» እንደዚያ አደረግን። እሷ ስትቀድም እኔ ከጀርባዋ ነፋሱን እሸሻለሁ፤ ሲደክማት እኔ እቀድማለሁ። ከጀርባዬ ስታለከልክ እሰማታለሁ። እንዲያ ሆነን ስንሄድ ሁለታችን አንድ ሰው መሰልን።

ወደ ጉማራ ወንዝ የሚያወርደው ሜዳ ላይ አበልጄ ድንጋይ መታች። ወደቀች። እሷ ምንም አልሆነች፣ የፊተኛው ጎማ ቸርኬ፣ ጎማው የሚለብሰው ብረት፣ ግን ተጣሟል፣ ከሹካው ጋር እየተፋተገ አልዞር አለ። ቡድኑ ከፊት ነው፤ የመሪያችን ፊሽካ ከሩቅ ይሰማል። መሪያችን ከስፖርት ጽሕፈት ቤት የመጣ፣ ፊሽካ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። ከእኛ ጋር የቀረ ልጄ ብቻ ነበር። ጎማውን ፈታ፣ ድንጋይ ላይ አጋደመ፣ መዶሻውን አወጣ።

ከመንገዱ በላይ ዛፍ የከበበው ቤተ ክርስቲያን አለ። ከበሮ ይመታል፣ እልልታ ይሰማል።

«ይህ ሩፋኤል ሳይሆን አይቀርም፤ ታቦቱን እያነገሡ ነው። በታቦቱ ደጅ ብረት ባይቀጠቀጥ» አልሁ። እኔ ደቅ ደሴት ነው ያደግሁት፤ በእኛ አገር በንግሥ ቀን መርፌ እንኳ አይነካም።

አበልጄ፣ «እንግዲያ ሩፋኤል ወርዶ ይጠግንልኝ» አለች። ደግሞ ወደ ልጄ ዞረችና፣ «ቶሎ በል እንጂ የኔ ጌታ! ጥለውን ሊሄዱ ነው!»

ልጄ መታው። ደንግ፣ ደንግ፣ ደንግ። ድምፁ ሜዳውን ሁሉ ዞረ። አህያ የምትነዳ አሮጊት ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየችንና አለፈች። ቸርኬው ቀና፣ የተመታችው ቦታ ብቻ ትንሽ ትወላገዳለች። «ጎንደር ትደርሺበታለሽ፣ እትዬ» አላት። ግንባሩን ሳመችው።

ቡድኑ ላይ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ መጠለሉን ማን አሰበው? ጎረምሶቹ ካፖርታቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ሰማይ ሰጡ። እኔም ላስቲኬን አውልቄ እጄን ዘረጋሁ፣ የልጄን ራስ አበስሁ። «ሩፋኤል፣ ልጄን አሻግርልኝ» አልሁ በሆዴ። እንዲያ ስንፈነጥዝ ከሐይቁ በኩል የመጣውን ደመና ያየው የለም። ሲያዩት ጥቁር አልነበረም፣ አረንጓዴ ነበር። ነፋሱ ቀጥ አለ። ወዲያው እንቧይ የሚያክል በረዶ ወረደ።

እኔ በሕይወቴ እንዲያ ያለ በረዶ አላየሁም። መጀመሪያ የብስክሌቶቹ ፓራፋንጎ ጮኸ፣ ከዚያ የሰዉ ራስ። መብረቁ እዚያው አጠገባችን ነው። «ብረቱን ጣሉ! ከብረቱ ራቁ!» ብዬ ጮኽሁ። መሪያችን «ንብረቱን አትልቀቁ!» ይላል። ማን ይሰማዋል፣ ብስክሌቱን ሁሉ ጥለን ከመንገዱ ዳር ሜዳው ላይ ተቀመጥን። ልጄ መፈክሩን ከእንጨቱ ገንጥሎ ራሳችን ላይ ዘረጋው፤ ከሥሩ ተጨናነቅን። በረዶው ከላይ እንደ መዶሻ ይመታናል፣ ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ቀለሙን ለቀቀ። ቀዩ በፊታችን፣ በእጃችን ወረደ። መሪያችን «መፈክሩ! መፈክሩ ተበላሸ!» እያለ ያለቅሳል ማለት ይቻላል። አበልጄ እጄን ይዛ ነበር። ጥፍሯ ገብቶ አድምቶኛል። ይህን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ፈርታ የያዘችው የእኔን እጅ ነው።

ያወጡን የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ናቸው። ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ለብሰው በበረዶው መሀል እየሮጡ መጡ። ቀይ በቀይ ሆነን ሲያዩን የቆሰልን መስሏቸው ነበር። አንዱ ገበሬ ገሳውን አውልቆ እኔ ላይ ጣለ፤ ራሱ በባዶ ራሱ ተመታ። በየሣር ቤቱ አስገቡን፣ እሳት አነደዱልን፣ ደረቅ ጋቢ ሰጡን፣ የንግሡን ዝክር አበሉን። ጉማራ ሞልቷል፣ መንገዱ በውሃ ተቆርጧል አሉን፤ እዚያው አደርን።

ዝናቡ እንዳባራ ግን ሰዎቹ ወደ እርሻቸው ሄደው ሲመለሱ ሌላ ፊት ይዘው ነው። ጤፉ መሬት ላይ ተኝቷል። ያበበው ኑግ እንጨቱ ብቻ ነው የቀረ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ከእኛ አሸሹ።

በማግሥቱ ጧት ሁላችንንም፣ አገሬውንም እኛንም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሾላው ሥር ሰበሰቡን። አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«በሩፋኤል ቀን ከሰማይ የሚወርድልን ጠበል ነበር። ዘንድሮ በረዶ ወረደ። በታቦቱ ቀን ብረት ተቀጥቅጧል፤ ድምፁን በጆሯችን ሰምተናል። የቀጠቀጠው እስኪወጣ ድረስ ከዚህ የሚሄድ የለም። አውጫጭኝ ነው።»

እኔ ልጅ ሆኜ አውጫጭኝ አይቻለሁ። ማኅላ የገቡ ሦስት ሽማግሎች ከአጥር ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ሰዉ አንድ በአንድ ገብቶ ያየውን በጆሯቸው ይናገራል። ያየ የተናገረውን «ወፍ» ይሉታል። ወፏ ማን እንደሆነች ሽማግሎቹ እስኪሞቱ አይናገሩም።

መሪያችን ፊሽካውን አውልቆ ተነሣ። «አባቶች፣ ይህ ጎጂ ልማድ ነው። በረዶ ማለት ውሃው ሰማይ ላይ ሲቀዘቅዝ...»

«መቀዘቀዙንስ አየነው» አለ አንድ ገበሬ፣ «እኛ የጠየቅነው ማን እንዳቀዘቀዘው ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። መሪያችን ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዞረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ይህን ይፈቅዳሉ?»

ሊቀመንበሩ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። «ጓድ፣ የእኔም ጤፍ ተኝቷል» አለ፣ ቁጭ አለ።

አንድ በአንድ ገባን። የእኔ ተራ ደረሰ። ልጄ እዚህ ከተያዘ፣ ከገበሬ ማኅበር ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጦር ሰፈር ነው፤ ሌላ የሚታየኝ አልነበረም። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አልሁ። ልጄ ገባ፣ ወጣ። አበልጄ ገባች። ከሁላችንም ቆየች። ስትወጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር፤ አላየችኝም።

ሽማግሎቹ ወጡ። «ወፍ ነግራናለች» አሉ። «የእናቱን ብስክሌት ሲጠግን፣ እናቱም አጠገቡ ቆማ ስታጣድፈው፣ ብረት የቀጠቀጠው ይህ ጎፈሬው ልጅ ነው።»

የእናቱን ብስክሌት! አበልጄን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። ልጄም አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። የማን ብስክሌት እንደሆነ ግን አልተናገረም። አንዲት ቃል ቢወጣው እሷ ነበረች የምትቆመው። አልወጣውም።

ሽማግሎቹ ተማከሩና ፈረዱ። ጤፋቸው ከሁሉ የባሰ የተመታባቸው አንድ አባት ነበሩ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ጦሩ ወስዶባቸው ብቻቸውን ቀርተዋል። ልጄ ከሳቸው ጋር ሆኖ ማሳውን ይገለብጣል፣ ሽምብራ ይዘራል፣ እህሉ እስኪሰበሰብ ያግዛቸዋል። መሪያችን ተንፍሶ፣ «እንግዲህ ለተጎዳ ገበሬ ድጋፍ የቀረ አባል እንለዋለን» አለ። ደስ ብሎታል፤ መንገዱን ነው የፈለገው።

አለቀስሁ። ያን አባት ተከትዬ እቤታቸው ደጅ ሄድሁና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አባቴ፣ ልጄ እኮ...»

«ተይ» አሉኝ፣ በክንዴ አንሥተው። «ምንም አትንገሪኝ። ያልሰማሁትን ሲጠይቁኝ አልናገርም። የኔዎቹን ቆሜ እያየሁ ነው የወሰዷቸው። ይህን ሬሳዬን ተራምደው ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። እዚያ ሣር ቤት ውስጥ፣ ከመንገድ ወጣ ብሎ፣ ማን ይፈልገዋል? ደልጊም ከዚያ አይሻልም። ሩፋኤል በበረዶ አሻገረልኝ ብዬ አሰብሁ። እንዲህ ነው ሞኝነት።

አበልጄ ብስክሌቷን እየገፋች ጠጋ አለችኝ። «ያቺ አሮጊት ናት እኮ፣ አህያ የምትነዳው። አየሽ የገጠር ሰው?»

አሮጊቷ ብስክሌቱ የእናቱ ነው ብላ በምን ትናገራለች፣ ልላት ነበር። ፈራች፣ ሰው ሲፈራ ያወጣዋል ብዬ ተውሁት። ደግሞም የልጄን መደበቂያ የምታውቅ እሷ ናት፤ ባስቀይማትስ? ከወረታ በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ፣ ዝናቡ እንደ አሸዋ ፊታችንን ይገርፈን ጀመር። አበልጄ ቀደመች። ከጀርባዋ ገብቼ ተጠለልሁ። ምን ላድርግ፣ ብቻዬን የማልችለው ነፋስ ነበር።

ጎንደር በዝናብ ገባን፣ መፈክሩ ታጥቦ ታጥቦ ሮዝ ሆኖ። ጽሑፉን ያነበበው የለም፤ ሰዉ ግን አጨበጨበልን።

ስንመለስ ሾላው ዘንድ ወረድን። ልጄ እርፍ ጨብጦ ከበሬዎቹ ኋላ ይሄዳል። እጁ ተልጧል፣ ፊቱ ግን ከሳምንት በፊት የማላውቀው ፊት ነው።

«እማ፣ እዚህ እኮ ሰው ሲያስል አልደነግጥም» አለኝ።

አበልጄ አቀፈችው፣ አገላብጣ ሳመችው። «የት ነው የሚያስተኙህ የኔ ጌታ? አይበርድህም?» አለችው።

«ያቺ ጎጆ ናት፣ እትዬ። ከሾላው ሥር፣ ጭራሮ አጥር ያለባት» ብሎ አሳያት። ስለጠየቀችው ደስ አለኝ። እንደ እናት ተጨነቀችለት አልሁ።

ኅዳር ላይ የእሷ ልጅ ተያዘ። እናቱ ናፍቃው ከዘጌ በታንኳ ሲመጣ ወደቡ ላይ አገኙት። ሥራ ትቼ እቤቷ ሄድሁ፤ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ አብሬያት ተንከባለልሁ። ደረቷን ስትደቃ እጇን የያዝሁት እኔ ነኝ። «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። በውስጤ፣ አቤቱ ይቅር በለኝ፣ የእኔስ ተርፏል እል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ልጇ መንገድ ላይ ሲሄድ አየሁት። በቀን፣ በአደባባይ። ሮጬ እቤቷ ደረስሁ።

«እንዴት ተለቀቀ?»

«እግሩ ጠፍጣፋ ነው፣ አይሮጥም ብለው» አለችኝ። ድስት እየጠረገች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እሰይ! ጠፍጣፋ እግር የሰጠው አምላክ ይመስገን!» ብዬ እልል አልሁላት። ጎረቤት ሰምቶ ተቀበለኝ። እሷ ጠረገች፣ ጠረገች፤ ያ ድስት ከዚያ በላይ አይነጻም ነበር።

በቅዳሜ ገበያ ቀን እኒያ ልጄ የቀረባቸው አባት ከደጄ ቆመው አገኘኋቸው። በእጃቸው የልጄን ቱታ ይዘዋል፣ ታጥቦ ታጥፏል። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ቃሌን አልጠበቅሁም። ሬሳዬን አልሁሽ፣ ይኸው ቆሜያለሁ። በሰደፍ ገፍተው ጣሉኝ፣ ስነሣ ወስደውታል።»

«ማን አሳያቸው?» አልሁ።

«በመኪና ነው የመጡ። አንዲት ሴት ከነሱ ጋር ነበረች። አልወረደችም፤ በእጇ ቤቱን አሳየቻቸው። ያቺ ካንቺ ጋር መጥታ የሳመችው ናት። ልጁ ገና እንዳያት፣ ነገሩ ሳይገባው፣ 'እትዬ፣ ደኅና ነሽ?' ብሎ እጅ ነሣት።»

ከዚያ ያሉትን አልሰማሁም። እጅ ነሣት። ዛሬም ከሁሉ የሚያቃጥለኝ መወሰዱ አይደለም፤ እሷን ሲያይ ደስ ማለቱ ነው። ዘመድ መጣልኝ ማለቱ ነው።

ሰኞ ጧት የፋብሪካው በር ላይ ጠበቅኋት። ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። እንዳየችኝ ገባት።

«የእኔን ሊወስዱብኝ ነበር» አለች። «ሌላ አምጪ፣ እሱን እንለቅልሻለን አሉኝ። ምን ላድርግ? አንቺም ብትሆኚ ታደርጊው ነበር።»

«እኔ እኮ ተጠይቄያለሁ» አልሁ። «ሁለት ጊዜ። አጠገብሽ ቆሜ።»

ሌላ የሚባል ነገር ብዙ ነበረኝ። ሌሊት ሌሊት እየደረደርሁ አድሬ ነበር፤ ስድቡም እርግማኑም። ያ ሁሉ ጠፋኝ። ፈረቃው ተደወለ፣ ገባን። ማሽኖቻችን ጎን ለጎን ናቸው።

ልጄ አሥመራ በኩል ነው ያለው ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ያንንም የሚነግረኝ ጠፋ። ጦሩ የተበተነ ጊዜ በጎንደር መንገድ የሚመጡትን፣ እግራቸው ያበጠውን፣ ቡትቶ የለበሱትን፣ ድልድዩ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ጎፈሬ፣ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ሳቂታ እያልሁ። አየሁት ያለኝ የለም። ሞተም ያለኝ የለም።

እኔ አሁንም እፈራለሁ። የሚወሰድብኝ ሳይኖር እፈራለሁ፤ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ሲወርድ ልጄ ሜዳ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት ከማታው ፈረቃ ስንወጣ ከሐይቁ በኩል ነፋስና ዝናብ መጣ። ሴቶቹ ሁሉ በሩ ሥር ተጠለሉ። አበልጄ ላስቲክ አውጥታ ዘረጋችና፣ እንደ ድሮው፣ ግማሹን በእኔ ራስ ላይ አደረገችው። ከላስቲኩ ሥር ወጥቼ ብስክሌቴን ያዝሁ። መንገድ ላይ ደረሰችብኝ፣ ቀደመችኝ፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር፣ ከጀርባዋ እንድጠለል ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች። ወደ ጎን ወጣሁ፣ ነፋሱን በደረቴ ተቀበልሁት። ከጎኔ የብስክሌቷ የፊት ጎማ ትዞራለች፤ ያቺን ቸርኬ እስከ ዛሬ አልቀየረቻትም። ልጄ የመታት ቦታ ላይ ስትደርስ ትንሽ ወልገድ ትላለች፣ ትቃናለች፣ ደግሞ ወልገድ ትላለች። ያቺን ጎማ እያየሁ እቤቴ ደረስሁ።